ሣሩ እስኪጠነክር

የሰፈሩ መናፈሻ ጠባቂ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ግን ማንም አይጠራበትም። ለትልቁም ለትንሹም «ጋሼ ፊሽካ» ነው። ፊሽካዋ በጥቁር ክር ከአንገቱ ተንጠልጥላ ትውላለች። ሚስቱ እንደምትለው ከሆነ ተኝቶም አያወልቃትም፤ እንዲያውም ሲያንኮራፋ አብራው ትነፋለች። እርግጥ ሚስቱ ነገር ማሳመር ታውቅበታለች።

መናፈሻውን ያየ ሰው ግን ፊሽካዋን ይቅር ይላል። በአንድ ወገን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በሌላው ወገን ከየመስኮቱ ልብስ የተሰጣባቸው የመኖሪያ ፎቆች፣ ፊት ለፊት የአውቶቡስ ፌርማታ፤ በዚህ ሁሉ አቧራና ጩኸት መሐል፣ በብረት አጥር ታጥሮ፣ አንድ አረንጓዴ ነገር ተቀምጧል። ሣሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። አንዲት ዘለላ እንኳ ከጓደኞቿ በልጣ ልታይ አትልም። ከበሩ ተነሥቶ መሐል ለመሐል የሚያልፍ የጠጠር መንገድ አለ። በስተግራ አግዳሚ ወንበሮች፣ በስተቀኝ ዥዋዥዌና ሸርተቴ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለስለስ ብላ የምትወርድ አንዲት ተዳፋት። ምን ይጎድለዋል? ሰው ነዋ!

ጋሼ ፊሽካ ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ነው። ሁለት ጣውላዎች አሉት። አንደኛውን ሣሩ ላይ ያጋድምና ይወጣበታል፤ ቁጢጥ ብሎ በመቀስ ዙሪያውን ይከረክማል፤ ሲጨርስ ሁለተኛውን ከፊቱ አጋድሞ ይሻገርና የኋለኛውን ይስባል። ውሃ ሲያጠጣም በጣውላ፣ ቅጠል ሲለቅምም በጣውላ። እዚሁ መናፈሻ ውስጥ ከጎልማሳነት ወደ ሽምግልና ተሻግሯል፤ እግሩ ግን አንድ ቀን ሣሩን ረግጦ አያውቅም። ይህን ሲያወራ ደረቱን ይነፋል።

ለሌላውም ነገር እንደዚያው ነው። ዥዋዥዌው ሰንሰለቱ እንዳይበላ ተጠቅልሎ ታስሯል። ሸርተቴው እንዳይፋቅ ላስቲክ ለብሷል። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ «ቀለሙ አልደረቀም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳው ከመቆየቱ የተነሣ እሱ ራሱ ደጋግሞ ቀለም ተቀብቷል። የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱማ አይነገር፤ በከተማው እንደሱ ያለ ንጹሕ አይገኝም። ቁልፉ ያለው ጋሼ ፊሽካ ኪስ ውስጥ ነው፣ ታዲያ ማን ገብቶ ያቆሽሸዋል?

ሰውም መጀመሪያ መጀመሪያ ይመጣ ነበር። አንዱ ገባ ሲል ፊሽካ፣ ሌላዋ ልጇን ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል ፊሽካ፣ ኳስ ብቅ ሲል ደግሞ የፊሽካ መዓት። ቀስ በቀስ ሁሉም አደቡን ገዛ። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ከነጓደኞቹ ከአጥሩ ውጪ፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ካርቶን አንጥፎ፣ ጀርባውን ለመናፈሻው ሰጥቶ የሚያልፈውን መኪና ሲያማ ይውላል። ልጆቹም ኳሳቸውን አስፋልት ላይ ይጫወታሉ፤ መኪና ሲመጣ ጨዋታው ይቆማል፣ ሲያልፍ ይቀጥላል።

«ይሄ ሰውዬ ሣሩን በሕግ አግብቶ እኔን ቅምጥ አድርጎኛል» ትላለች ሚስቱ። እሷ እየሳቀች ነው የምትናገረው።

ልጁ ግን አትስቅም። አንድ ልጁ ናት። ቤታቸው የመናፈሻው በር ላይ ያለችው የጥበቃ ቤት ስለሆነች፣ ያደገችበት አልጋ አጠገብ ያለው መስኮት የሚያየው ተዳፋቷን ነው። ሌላው ልጅ አሻንጉሊት ሲመኝ እሷ ከዚያች ተዳፋት ላይ መንከባለል ነበር የምትመኘው።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ ልንከባለል?»

«ሣሩ ይጠንክርና።»

በዝናብ ወራት ስትጠይቀው ሣሩ ገና ለጋ ነው። በበጋ ስትጠይቀው ሣሩ ውሃ ጠምቶት ደክሟል። በመሐሉ ስትጠይቀው ደግሞ ሣሩ እያገገመ ነው። ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ እዚያው አጥሩን በሚጋራው ትምህርት ቤት መምህርት ሆነች፤ ሣሩ ግን እስካሁን አልጠነከረም። አሁን አትጠይቅም። አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ በጠጠሩ መንገድ ገብታ በጠጠሩ መንገድ ትወጣለች፤ ወደ ተዳፋቷ ዞር ብላም አታይ።

አንድ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት አንዲት መሐንዲስ መጣች። ወጣት ናት፤ ማኅደሯን በብብቷ ይዛ በጠጠሩ መንገድ ላይ ቀስ እያለች ዞረች። ጋሼ ፊሽካ ኮቱን ቆልፎ ከኋላዋ ይከተላታል።

«በጣም ያምራል፣ ጋሼ! ትናንት የተሠራ እኮ ነው የሚመስለው» አለችው።

ጋሼ ፊሽካ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን የሚል የመንግሥት ሰው መጥቶ አያውቅም።

«ዥዋዥዌው ላይ ዝገት እንኳ የለም። እንዴት አድርገው ነው የጠበቁት?»

«ሰው ሳላስነካ ነዋ፣ የኔ ልጅ!»

«ሰው አይመጣም እንዴ?»

«ማን አባቱ ነው የሚመጣው? እኔ እያለሁ ወፍ እንኳ ሳታስፈቅድ አታርፍበትም!»

«አንድም ሰው?»

«አንድም!» አለና ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ።

መሐንዲሷ እንደዚያ ፊቱ በርቶ ስታየው አዘነችለት።

«እውነት አልመሰለኝም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ቢሮ ውስጥ ‹ሰው የማይገባበት መናፈሻ ነው፣ ለመኪና ማቆሚያ ይዋል› የሚሉ አሉ። እኔን የላኩኝ አይተሽ ወስኚ ብለው ነው።»

«የምን መኪና? ሣሩ ላይ ነው የሚያቆሙት?»

«ሣሩማ ይነሣል፣ ጋሼ። አስፋልት ነው የሚሆነው።»

ጋሼ ፊሽካ ክው አለ። ሊቀመጥ ፈልጎ ወደ አግዳሚው ወንበር ዞረ፤ ሰሌዳውን ሲያይ ተወው። መሐንዲሷ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደገና እንደምትመጣ ነገረችው። ያን ቀን ሰው ሲጠቀምበት ካየች አስፋልቱ ይቀራል፤ ዛሬ እንዳየችው ባዶውን ካገኘችው ግን እሷም የምታደርገው ነገር የለም።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» አለችው። ቀጥላም የዘመኗን ብሶት ልትናገር ስትጀምር ተነሥቶ ወደ ልጁ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርስ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነበር። ግቢው ጠባብ ሲሚንቶ ነው፤ ለሩጫ የሚሆን ቦታ ስለሌለው ልጆቹ የሚሮጡት እንደቆሙ ነው። ባሉበት ይሮጣሉ፣ ያልባቸዋል፣ የትም አይደርሱም። ልጁ ከፊታቸው ቆማ ታጨበጭባለች።

«ቅዳሜ ልጆችሽን አምጪልኝ» አላት።

«የት?»

«ሣሩ ላይ።»

መምህርቷ ማጨብጨቧን አቆመች። ልጆቹም ቆሙ፤ አንዳንዱ መቆሙ ሳይታወቀው ትንሽ ከሮጠ በኋላ።

«ጠነከረ እንዴ?» አለችው።

ጋሼ ፊሽካ የፊሽካዋን ክር በጣቱ ጠመዘዘ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ስለ መሐንዲሷ፣ ስለ አስፋልቱ፣ ጣቱን ቀስሮ «አንድም!» ስላለው ነገር ጭምር። እዚህ ላይ ሲደርስ ልጁ ልትስቅ ነበር፤ ግን ፊቱን አይታ ተወችው።

«አመጣቸዋለሁ፣ አባዬ። ልጆቹ ግን የሚገቡ አይመስለኝም። ከሁሉ ትምህርት በደንብ የሚያውቁት ያንተን ነው።»

«አንቺ ካዘዝሻቸው ይገባሉ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ያን ቀን ያቺን ፊሽካ ቤት ታስቀምጣለህ።»

«አስቀምጣለሁ።»

ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ጡረተኛው ሾፌር ነው የሄደው። ሾፌሩ ካርቶኑ ላይ ሆኖ ሲመጣ ሲያየው ምርኩዙን ሰበሰበ፤ ከመንገዱ ጠርዝም ሊያስነሣው የመጣ ነው የመሰለው።

«አፈር ስሆን፣ ቅዳሜ ከነጓደኞችህ ግቡልኝ» አለው ጋሼ ፊሽካ።

ሾፌሩ ግራ ቀኙን አየ። «የት ነው የምንገባው? እስር ቤት?»

«መናፈሻው ውስጥ።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ! ምርኩዝህ ሣሩን ወጋው ብለህ በፊሽካ ያባረርከኝ አንተ አይደለህም?»

«እኔው ነኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?»

«የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ነው።»

ሾፌሩ መጀመሪያ ደስ ሊለው ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ቀጥሎ ግን አሰበበት። «ቆይ እስቲ» አለ። «ጎረምሳነቴን መሪ ጨብጬ፣ ጡረታዬን ጭስ ስምግ፣ አሁን ደግሞ የቀረችኝን ዕድሜ መኪና ማቆሚያ ደጃፍ ላይ? ወይ ፍንክች! እንመጣለን። አንተን ብለን ግን አይደለም።»

«እኔን አትበሉ፤ ብቻ ኑ» አለ ጋሼ ፊሽካ፤ ቀኑን ሙሉም የየፎቁን ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ፣ በር ሲያንኳኳ፣ ያባረራቸውን ሁሉ ሲለምን ዋለ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሼ ፊሽካ ዥዋዥዌውን ፈታ፣ የሸርተቴውን ላስቲክ ገፈፈ፣ ሰሌዳውን ከአግዳሚዎቹ ላይ አወረደ። ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚያገናኘው ትንሹ የብረት በር ዝጎ ተጣብቆ ነበር፤ ዘይት አጠጥቶ፣ ተራግሞ፣ በትከሻው ገፍቶ ከፈተው። ፊሽካዋንም አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። አንገቱ ቀለለው፤ ያልለበሰ ያህል ሆኖ ተሰማው። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰና ኪሱ ውስጥ ከተታት፤ ለማንኛውም ብሎ።

ሰዉ መጣ። የተለመነውም ያልተለመነውም መጣ፤ ሕፃን ያዘለች፣ ዘምቢል ያንጠለጠለች፣ ከሱቁ ሚዛኑን ጥሎ የመጣ። መምህርቷ ተማሪዎቿን በትንሹ በር አስገባች። ጋሼ ፊሽካ ይህን ሲያይ አስፋልቱን በዓይኑ አሻግሮ «አለቀልህ!» ሊለው ምንም አልቀረው። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር አስተዋለ።

ያ ሁሉ ሰው የቆመው የጠጠሩ መንገድ ላይ ነው።

ከበሩ እስከ ተዳፋቷ ድረስ ተጠቅጥቀው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። ተማሪዎቹ የጫማቸው ጫፍ ሣሩን እንዳይነካ ጣቶቻቸውን አጥፈዋል። አንዲት ባልቴት አግዳሚውን ወንበር በአንድ ጣት ነካ አደረገችና ጣቷን አገላብጣ አየች፤ ለማንኛውም አልተቀመጠችም። ከሱቁ የመጣው ሰውዬ ሲያስነጥሰው ፊቱን ከሣሩ ወዲያ አዞረ። ሾፌሩ ደግሞ ከቤቱ ሁለት ጣውላ ተሸክሞ መጥቶ መሐል መንገድ ላይ ያስተናብራል።

«ጠጋ ጠጋ በሉ! ከኋላ ቦታ አለ! አንቺ፣ ዘምቢሉን ከፍ አድርጊው!»

«ጣውላው ለምንድን ነው?» አለው ጋሼ ፊሽካ።

«ለሣርህ አስቤ ነዋ! ውለታ አታውቅም?»

«ሰዎች፣ ግቡ እንጂ!»

«ገባን አይደል እንዴ?» አሉት በአንድ ድምፅ።

እውነታቸውን ነው። ያስተማራቸውን አልረሱም። ፈተና ቢሆን ኖሮ ሁሉም መቶ ከመቶ ያገኙ ነበር።

መሐንዲሷ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። በሩ ላይ ቆመችና ሕዝቡን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሰልፉ የምንድን ነው? አውቶቡስ ነው የምትጠብቁት?»

«ሾፌሩስ እኔ አለሁ» አለ ጡረተኛው። «የጠፋው አውቶቡሱ ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ እሱም ቢሆን ተጠንቅቆ ነው የሳቀው። ወዲያው ከተማሪዎቹ መሐል የአንዲት ትንሽ ልጅ ኳስ ከእጇ አመለጠና ሣሩ ላይ እየተንከባለለ ሄዶ መሐል ላይ ቆመ። ሳቁ ጸጥ አለ። ልጅቷ ኳሷን አየች፣ ጋሼ ፊሽካን አየች፣ መልሳ ኳሷን አየች። ቀስ ብላ አንድ እግሯን አነሣች።

ፊሽካ ተነፋ!

ጋሼ ፊሽካ ፊሽካዋ መቼ ከኪሱ እንደወጣች፣ መቼ አፉ እንደገባች ቢጠየቅ መሐላ ይምላል እንጂ አያውቅም። ልጅቷ አንድ እግሯን እንዳንጠለጠለች ደርቃ ቀረች። ሾፌሩ ጣውላዎቹን ጣላቸው። መሐንዲሷም በረጅሙ ተነፈሰችና ማኅደሯን ከፍታ እስክሪብቶ አወጣች።

ጋሼ ፊሽካ ዓይኑ ልጁን ፈለገ። መምህርቷ መንገዱ የሚያልቅበት፣ ተዳፋቷ የምትጀምርበት ቦታ ላይ ቆማለች። የተቆጣች መስሎት ነበር፤ አልተቆጣችም። ታየዋለች ብቻ። ያን አስተያየት ያውቀዋል፤ ድሮ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ያየው የነበረው ነው። ያኔ በጣውላው ላይ ተቀምጦ ሲከረክም ቀና ባለ ቁጥር መስኮቱ ላይ ያገኛት ነበር፤ እሱም በመቀሱ እያውለበለበ ሰላም ይላት ነበር። አፈረ። መሐንዲሷን አይደለም፣ ሕዝቡንም አይደለም፤ ያቺን የመስኮቷን ልጅ ነው ያፈራት።

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። ካልሲውንም አወለቀ። ከዚያ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ እየፈራ አንድ እግሩን ሣሩ ላይ አሳረፈ።

ምንም አልሆነም። ሣሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የእግሩን መዳፍ ኮረኮረው። ሌላኛውን አስከተለና ዞሮ የረገጠውን አየ። ጎንበስ ብሎ የነበረው ሣር አንድ በአንድ ቀና እያለ ነው። ደግሞ ረገጠ፣ ደግሞ ቀና አለ። ጋሼ ፊሽካ እንደዚህ ያለ ነገር ሰው ነግሮት አያውቅም፤ ማን ረግጦት ይነግረዋል! ኳሷ ጋ ደረሰና ለትንሿ ልጅ ሊመታላት እግሩን ሰነዘረ። ኳሷ ወደ ልጅቷ አልሄደችም፤ የሾፌሩን ባርኔጣ ይዛ አጥሩ ጋ አረፈች።

«ባርኔጣዬን!» ብሎ ሾፌሩ ከነምርኩዙ ሣሩ ላይ ገባ፤ ምን ላይ እንደቆመም ልብ ያለው ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው።

ጋሼ ፊሽካ ወደ ተዳፋቷ ሄደ። በባዶ እግሩ፣ በሣሩ ላይ፣ ቀጥታ።

«ነይ» አላት ልጁን።

«የት?»

«ተንከባለይ።»

«አባዬ፣ ተማሪዎቼ እያዩ?»

«ይዩ።»

መምህርቷ ተዳፋቷን ከላይ ወደ ታች አየቻት። «ጠነከረ ማለት ነው?» አለች፤ ድምፅዋ የቀልድ አልነበረም።

«ድሮም ጠንካራ ነበር፣ ልጄ። ፈሪው እኔ ነበርኩ።»

እሷም ጫማዋን አወለቀች። ሣሩ ላይ ተጋደመች፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች፤ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ለቀቀች። ስትንከባለል ፀጉሯ ተፈታ፣ ሻርፗ ተዳፋቷ መሐል ላይ ቀረ፤ ታች ስትደርስ መንከባለሏ ቆመ። ቀጥሎ ተማሪዎቹ ጮኹ፤ ከዚያ ወዲያ የጠጠሩን መንገድ ማን አስታወሰው! ልጆቹ ተዳፋቷን ወረሯት። ሕፃን ያዘለችው ሕፃኗን ሣሩ ላይ አወረደች። ባልቴቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ዘምቢሏን ከጎኗ አኖረች። የሱቁ ሰውዬ ደግሞ ዥዋዥዌው ላይ ወጥቶ ልጆች ውረድልን እያሉ ይለምኑታል።

መሐንዲሷ እስክሪብቶዋን መልሳ ከተተች። «አስፋልቱ ቀርቷል፣ ጋሼ» አለችው። «ብቻ አሁን አንድ ነገር እባክዎ ይስጡኝ።»

«ነፍሴን ጠይቂኝ!»

«የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ።»

ጋሼ ፊሽካ ኪሱን ዳበሰና ሰጣት። ስትመልስለትም አልተቀበላትም፤ በሩ ላይ እንዲቀር ነገራት።

ከዚያ ቁልቁል ሲያይ ልጁ ከተዳፋቷ ግርጌ እንደተጋደመች ነው። አልተነሣችም። ደነገጠና በሣሩ ላይ ሮጠ፤ በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ጉልበቱ። አጠገቧ ደርሶ ተንበረከከ። ፀጉሯ ሣር በሣር ሆኗል። ፊቷ ረጥቧል፤ ትሳቅ ይሁን ታልቅስ መለየት አቃተው።

«አመመሽ እንዴ?»

«አባዬ።»

«አቤት።»

«አንዴ ብቻ ልድገመው?»

ጋሼ ፊሽካ ቀና ብሎ ተዳፋቷን አየ፤ በልጅ ተሸፍናለች፣ እግር የሚያሳርፉበት ቦታ የላትም። ልጁን እጇን ይዞ አስነሣት። ከዚያ ፊሽካዋን ወደ አፉ ወሰደና ያለ የሌለ ትንፋሹን አሰባስቦ ነፋት። መናፈሻው ባለበት ቀጥ አለ፤ ልጁ፣ አዋቂው፣ ዥዋዥዌው ሳይቀር።

«ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸ። «ልጄ ልትንከባለል ነው!»